ፖዚትሮንን ያዘገዩ ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ1950 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሊዮን ማዳንስኪ እና ፍራንኮ ራሴቲ አንድ ሙከራ አድርገው ሳይሳካላቸው ቀረ። ራሴቲ በወጣትነቱ ሮም ውስጥ ከኤንሪኮ ፌርሚ ጋር የሠራ ስመ ጥር ተመራማሪ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የጠበቁትንም ያጡትንም ሳይሸሽጉ አሳተሙ፤ በዚህም ለተከታዮቻቸው ትልቅ ውለታ ውለዋል።

ሲፈልጉት የነበረው ዝግ ያለ ፖዚትሮን ነው። ፖዚትሮን የኤሌክትሮን ፀረ ቁስ አቻ ነው፤ መጠነ ቁሳቸው እኩል ሆኖ ቻርጁ ግን አዎንታዊ ነው። ፖል ዲራክ በ1931 መኖሩን ተነበየ፤ ካርል አንደርሰን በ1932 በካሊፎርኒያ አገኘው። ይህን የፊዚክስ መጻሕፍት ሁሉ ያወሱታል። ከዚያ በኋላ የመጣው ትግል ግን እምብዛም አይነገርም፤ በእኔ ግምት ከግኝቱ የማያንስ ታሪክ አለው።

እንደ ሶዲየም 22 ካለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚወጣ ፖዚትሮን እስከ 545 ሺህ ኤሌክትሮንቮልት የሚደርስ ጉልበት ይዞ በየአቅጣጫው ይበተናል። የአንድን ብረት ገጽ ወይም የአንድን አቶም ጠባይ ለመመርመር ግን ጥቂት ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ያለውና እንደ ልብ የሚመራ ጨረር ያስፈልጋል። የማዳንስኪ እና የራሴቲ ሐሳብ ትክክል ነበር። ብረት ውስጥ የገባ ፖዚትሮን በጥቂት ፒኮሰከንድ ጉልበቱን ያጣል፤ ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ሁለቱም ወደ ጋማ ጨረር እስኪለወጡ ደግሞ ከመቶ ፒኮሰከንድ በላይ ይቆያል። በዚህ ትርፍ ጊዜ ሲንከራተት ገጹ ላይ የደረሰ ሊወጣ ይችላል። ይህን የማዘግየት ሥራ የሚሠራው ቁስ ሞደሬተር ይባላል።

ታዲያ ለምን አልወጣም? ፈጣኑ ፖዚትሮን እስከ መቶ ማይክሮሜትር ጠልቆ ይገባል፤ ከቆመ በኋላ የሚንከራተተው ግን አንድ ሺህኛውን ያህል ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ አቶም የጎደለበት ባዶ ቦታ ካጋጠመው፣ በዚያ የሚገፋው አዎንታዊ ኒውክለስ ስለሌለ ገብቶ ይቀራል። ከገጹ ቢደርስም እድፍ ያስቀረዋል።

በ1958 ዊልያም ቼሪ በፕሪንስተን፣ ክሮሚየም ከተለበጠ ማይካ ዝግ ያሉ ፖዚትሮኖች ሲወጡ አየ። ከመቶ ሚሊዮን አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በዶክትሬት ጽሑፉ ውስጥ ተቀብሮ ለአሥር ዓመት ያህል ቆየ። በ1972 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ካንተር፣ ኮልማን፣ ግሪፊዝ እና ሄይላንድ ስስ የወርቅ ቅጠሎችን በሚነድ ማግኒዚየም ጭስ አጠኑ። በላያቸው ያረፈው ነጭ ዱቄት ከመቶ ሺህ ሦስት ፖዚትሮኖችን ሰጠ፤ በዚያም ጨረር ፖዚትሮን ከሂሊየም ጋር ሲጋጭ የሚሆነውን ለኩ። አንዳንድ ብረቶች ፖዚትሮንን ከገጻቸው ራሳቸው ገፍተው እንደሚያስወጡ በንድፈ ሐሳብ የተብራራውም በዚያው ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአብዛኛው የንጽሕና ሆነ። በቤል ላቦራቶሪ አለን ሚልስ እጅግ በጠራ ባዶ ክፍተት ውስጥ የመዳብ ክሪስታል አጽድቶ ከሺህ አንድ ደረሰ። በ1983 የወጣው የተንግስተን ክሪስታል ሥራ ደግሞ ከሺህ ሦስት ገደማ አደረሰው። ተንግስተን ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ካርቦኑ ይወጣል፣ እንከኖቹም ይሽራሉ። ዛሬም ቀላልና ጽኑ ሞደሬተር የሚፈልጉ የሚመርጡት እሱን ነው።

በጣም የሚያስደንቀኝ ግን የ1986ቱ እርምጃ ነው። ሚልስ እና ኤሪክ ጉሊክሰን ብረትን ትተው ኒዮን ጋዝን በሶዲየም 22 ምንጩ ላይ አቀዘቀዙ፤ ኒዮን የሚረጋው ከዜሮ በታች 249 ዲግሪ አካባቢ ነው። በብረት ውስጥ ነፃ ኤሌክትሮኖች የፖዚትሮኑን ጉልበት ቶሎ ይነጥቁታል። በረጋ ኒዮን ውስጥ ግን ጉልበቱ ከ20 ኤሌክትሮንቮልት ገደማ በታች ከወረደ በኋላ የሚወስድበት የአቶሞቹ ንዝረት ብቻ ስለሆነ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፣ ሩቅም ይጓዛል። ከሺህ ሰባት ወጡ። ከቼሪ ወዲህ በ28 ዓመት የተገኘው ለውጥ ወደ 700 ሺህ እጥፍ ነው። ዋጋም አለው፤ የሚወጡት ፖዚትሮኖች ጉልበት ከተንግስተኑ ይልቅ የተለያየ ነው፣ ንጣፉም በየጊዜው መታደስ አለበት።

በ2010 በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን፣ ፀረ ፕሮቶንና ፖዚትሮን የተጣመሩበት አቶም የሆነው ፀረ ሃይድሮጅን ወጥመድ ውስጥ ሲያዝ ፖዚትሮኖቹ የመጡት ከሶዲየም 22 ነው። ይህን ምንጭ ለዓለም ላቦራቶሪዎች ለዓመታት ሲያቀርብ የቆየው በኬፕ ታውን አቅራቢያ ያለው ኢቴምባ ላቦራቶሪ ነው፤ አፍሪካ በዚህ ታሪክ ያላት ድርሻ ሊታወቅ ይገባዋል። የሶዲየም 22 ምንጭ በየ2.6 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሞደሬተሩን እጥፍ ያሻሻለ ሰው ላቦራቶሪውን ሌላ ምንጭ ከመግዛት ያድነዋል፤ ከሺህ 993 ያህሉም አሁንም የሚያድናቸው ይጠብቃሉ።