ያልተጻፈው ንባብ፡ የድምፅ መነሣት፣ መውደቅና መጥበቅ በአብነት ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የግእዝ ፊደል ሰባቱን የድምፅ ዓይነት ከግእዝ እስከ ሳብዕ ለይቶ ያሳያል። ነገር ግን ድምፅ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይጽፍም። ይህን የሚያስተላልፈው የመምህሩ አፍና የተማሪው ጆሮ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያልተጻፈው ንባብ ምን እንደ ሆነና ለምን ሊጠበቅ እንደሚገባ በአጭሩ እንመለከታለን።

ንባብ ቤት

ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው የምሥራቅ ጎጃም ምድር በአብነት ትምህርት የታወቀ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ስማቸው ከቅኔና ከመጻሕፍት ትምህርት ጋር አብሮ ይነሣል። በእነዚህም ሆነ በሌሎች ጉባኤያት ወደ ዜማና ወደ ቅኔ የሚገባ ተማሪ አስቀድሞ በንባብ ቤት ያልፋል። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስንና መዝሙረ ዳዊትን በቁጥር፣ በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይማራል። አንዱን ንባብ ደጋግሞ የሚማረው ፊደሉን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን፣ ቃሉ በአፉ ውስጥ ቦታ ቦታውን እንዲይዝለት ነው።

አራቱ የንባብ ዓይነቶች

ሊቃውንቱ የቃላትን አነባበብ በአራት ይከፍሉታል።

ተነሽ፦ ከመድረሻው በፊት ባለው ፊደል ላይ ድምፁ ይነሣል፤ መድረሻውም ከሳድስ ውጪ ነው። ቀደሰ፣ ገብሩ፣ ወረዱ የመሳሰሉት ግሦች በዚህ ይነበባሉ።

ሰያፍ፦ አነሣሡ እንደ ተነሽ ነው፤ ነገር ግን በሳድስ ይጨርሳል። ይቄድስ፣ ይገብር፣ ይትባረክ ምሳሌዎቹ ናቸው።

ወዳቂ፦ ድምፁ በመካከል ሳይነሣ በመድረሻው ላይ ያርፋል፤ መድረሻውም ከሳድስ ውጪ ነው። ውዳሴ፣ ቅዳሴ፣ ሥላሴ የተባሉት ስሞች እንዲህ ይነበባሉ።

ተጣይ፦ እንደ ወዳቂ ሆኖ በሳድስ ይጨርሳል። ሰማይ፣ ኪዳን፣ መላእክት ከዚህ ይመደባሉ።

ተነሽና ሰያፍ በአብዛኛው ለግሥ፣ ወዳቂና ተጣይ በአብዛኛው ለስም ይሆናሉ። ስለዚህ የሠለጠነ ጆሮ ያለው ሰው ንባቡን ሲሰማ፣ ትርጕሙን ገና ሳያሰላስል ግሡንና ስሙን ይለያል።

ጎረቤት ፊደል ሲሳብ

ማጥበቅና ማላላት በአማርኛችንም እናውቀዋለን። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የጌታችን የልደት በዓል ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ ነው።

አንዳንዱ መጥበቅ የሚመጣው ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ስለሚስብ ነው። «ተጠምቀ» ያለው ግሥ ወደ ትንቢት ሲሄድ «ይትጠመቅ» ሊባል ይገባው ነበር፤ ነገር ግን «ት» በ«ጠ» ተውጦ «ይጠመቅ» ይሆናል፣ «ጠ»ም ይጠብቃል። አማርኛው «ይጠመቃል»ም ይህንኑ ጠባይ ይዟል። «ት» ከጽሑፉ ጠፍቷል፤ በድምፁ መጥበቅ ግን አለ።

ይህ ነገር ከፍ ያለ ትርጕም የሚሸከምበትን ቦታ እንጥቀስ። በመዝሙር 21 መጀመሪያና ጌታችን በመስቀል ላይ ባሰማው ቃል ውስጥ «ኀደገኒ» የሚል ቃል ይገኛል። «ተወ» ለማለት ኀደገ ይባላል። «አንተ ተውህ» ለማለት በሥርዓቱ «ኀደግከ» ይሆን ነበር፤ ዳሩ ግን «ከ» ወደ «ገ» ስለሚሳብ «ኀደገ» ተብሎ ይጻፋል፣ «ገ»ም ይጠብቃል። እንግዲህ «ኀደገኒ» ጠብቆ ሲነበብ «ተውኸኝ»፣ ላልቶ ሲነበብ «ተወኝ» ይሆናል። ጽሑፉ አንድ ነው። ያላላው አንባቢ ወደ አብ የቀረበውን ጸሎት ስለ ሌላ ሦስተኛ አካል የተነገረ ወሬ ያደርገዋል። በዕለተ ስቅለት የሚያነብ ዲያቆን ይህን ከመምህር ካልሰማ ከመጽሐፉ ሊያገኘው አይችልም።

ልክና ዕረፍት

ንባብን ያወቀ ተማሪ ወደ ቅኔ ሲሻገር ድምፅ ሌላ መለኪያ ይሆንለታል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ መወድስ በስምንት ቤት ይቆማል፤ የየቤቱም ርዝመት በዜማው ልክ ይመጠናል። ቅኔው በቃል ስለሚቀርብ የሚሰሙት ሊቃውንት የሚፈርዱት በጆሯቸው ነው፤ ያለ ቦታው የጠበቀ ወይም የተነሣ ቃል ምሥጢሩን ያፈርሳል። ቅዱስ ያሬድ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ያዘጋጀው ዜማም የሚያርፈው በትክክል በተነበበ ቃል ላይ ነው። ይዘት፣ ድፋት፣ ቁርጥና ሌሎቹ የዜማ ምልክቶች ከፊደል በላይ መጻፋቸው ፊደል ብቻውን እንደማይበቃ ያስረዳል።

ምን እናድርግ?

ዛሬ መዝሙረ ዳዊትም ሆነ ውዳሴ ማርያም በስልካችን ላይ ይገኛል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ ለሁሉ ሲደርስ ንባቡ አብሮ እንደማይደርስ ልናስተውል ይገባል። ስለዚህ ልጆቻችንን ወደ ንባብ መምህር እንላክ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ግእዝ ሲሰጥ ከቃላት ፍቺ ጋር ንባቡም በቃል ይሰጥ፤ መምህራኑና ተማሪዎቻቸው በጉባኤያቸው እንዲጸኑ በቀለብና በልብስ እንርዳቸው። አንድ የንባብ መምህር ወንበሩ ሲታጠፍ በየትኛውም ብራና ላይ ያልተጻፈ ትምህርት አብሮ ይታጠፋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።