የሲሊንደሩ ቋንቋ፦ በአሰብ መንገድ የመጣ ዕቃና አብሮ ያልመጣ ደንብ



የዛሬው ርእሴ የታሪክ ሰው ብዙ የማይነካው ዕቃ ነው፤ የታመቀ ጋዝ የሚያዝበት ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ፣ በበያጅ ቤት፣ በፋብሪካና በማእድ ቤት እናየዋለን። ስለ መንገድ፣ ስለ ወደብና ስለ ንግድ ብዙ ጽፈናል፤ በመንገዱ ላይ የተጓዙት ዕቃዎች ምን ዓይነት ደንብ ይዘው እንደ መጡ ግን እምብዛም አልጠየቅንም። ላስረዳ የምፈልገው ይህን ነው፤ ሲሊንደር ድንበር ሲሻገር የተሠራበት አገር ደንብ በራሱ አብሮት አይሻገርም። አገሮች ተስማምተው አንዱ የሌላውን ምልክት ማንበብ ካልቻሉ፣ ብረቱ ብቻውን ይመጣል።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ጠባይ ጥቂት ልበል። 50 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ኦክስጅን በ150 ባር ሲሞላ፣ በተራ የአየር ግፊት 7,500 ሊትር ያህል ቦታ የሚፈልግ ጋዝ ታምቆ ይገባበታል። የከባድ መኪና ጎማ ግፊት ግን 8 ባር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር እንደ ሮኬት ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ፣ እንደየአገሩ ደንብ፣ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ በሚሆን ግፊት ይፈተናል። ፈተናው በውኃ ይደረጋል፤ ውኃ እንደ ጋዝ አይታመቅምና ብረቱ ቢሰነጠቅ ከባድ ፍንዳታ አይከተልም። የሠሪው ምልክት፣ መለያ ቁጥሩ፣ የፈተና ግፊቱና የተፈተነበት ጊዜ በአንገቱ ዙሪያ ይቀረጻሉ። ይህ ቅርጽ የሲሊንደሩ መታወቂያ ነው።

ይህ መታወቂያ በመጀመሪያ በየአገሩ ቋንቋ ተጻፈ። ካርል ፎን ሊንደ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1895 አየርን በብዛት ወደ ፈሳሽነት የሚለውጥ ዘዴ ከፈጠረ በኋላ፣ ኦክስጅን በየፋብሪካው እየተመረተ የሚሸጥ ሸቀጥ ሆነ። የኢንዱስትሪ አገሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ የብረቱ ውፍረት፣ የቫልቩ ጥርስ፣ የቀለሙ ዓይነት ተለያየ።

ከሁሉም የከፋው የቀለሙ ልዩነት ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ኢሶ 32 በተባለው ደረጃ መሠረት፣ በሕክምና አገልግሎት ነጭ የኦክስጅን ምልክት ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ለማደንዘዣ የሚውለው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በሶቪየት ኅብረትና በቻይና ደንብ ግን ፈካ ያለ ሰማያዊ ኦክስጅን ነው፤ ነጭ ደግሞ በያጁ የሚጠቀምበት፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለው አሴቲሊን ነው። በአሜሪካ አረንጓዴ ኦክስጅን ሲሆን፣ በአውሮፓ ደማቅ አረንጓዴ ለመተንፈሻ የማይሆኑ ጋዞች ምልክት ነው። አንዱ አገር «ሕይወት» ብሎ የጻፈውን ሌላው «አደጋ» ብሎ ያነበዋል።

አሁን ወደ መንገዳችን ልመለስ። ከአሰብ ተነሥቶ በሚሌ፣ በባቲና በደጋን አድርጎ ኮምቦልቻና ደሴ የሚደርሰው የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። በደጋን ያደግን ሰዎች እስከ ዛሬ «የአሰብ መንገድ» እንለዋለን። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1959 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቦቴዎች የመንገዱ የዘወትር መንገደኞች ሆኑ። ማጣሪያው በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በዓመቱ በተነሣው ጦርነት ወደቡም ተዘጋብን፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መንገድ ግን ሥራውን አላቆመም።

ወደ አገራችን የገባውን ማሽን በየዘመኑ ብንመለከት የመንግሥታቱን ወዳጅነት ታሪክ እናነብበታለን። በንጉሡ ዘመን የአሜሪካና የምዕራብ አውሮፓ፣ በደርግ ዘመን የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቻይናና የሕንድ ዕቃ በብዛት ገብቷል። መንግሥት ሲለወጥ ፖሊሲ ይለወጣል፤ ወፍራም ብረት ግን በደኅና ከተያዘ ከመንግሥታት ይልቅ ይቆያል።

በሌላው ዓለም ይህ ችግር እንዴት ተቃለለ? እ.ኤ.አ. በ1956 የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ኮሚቴ አደገኛ ጭነትን የሚመለከቱ የመጀመሪያ ምክረ ሐሳቦቹን አወጣ። በ1957 ጄኔቫ ላይ አደገኛ ጭነትን በመንገድ ስለ ማጓጓዝ የአውሮፓ ስምምነት ተፈረመ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1968 ነበር። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1984 ስለ ሲሊንደሮች ሦስት መመሪያዎችን አወጣ፤ በ1999 እና በ2010 ደግሞ ደንቡን አስፍቶ ፓይ በተባለው የግሪክ ፊደል ምልክት አጸናው። ምልክቱ ያለበት ሲሊንደር በአንዱ አባል አገር ከተፈተነ በሌላው ዳግመኛ ፈተና ሳይጠየቅ ይሞላል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ጊዜው ነው፤ እርስ በርስ ለተቀራረቡና ሀብት ላላቸው አገሮች እንኳ ሥራው ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሁለተኛው ጥንቃቄው ነው፤ ነባር ሲሊንደሮች በአንድ ቀን አልተወገዱም፤ እንደገና ተመርምረው አዲሱን ምልክት የሚያገኙበት በር ተከፍቶላቸዋል። «ስምምነት ማለት የሀብታሞችን ደንብ መገልበጥ ነው» የሚለው ስጋት መሠረት የለውም አልልም። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለውን የኮምቦልቻ በያጅ በአዋጅ ከሥራ የሚያስወጣ ደንብ፣ ዕቃውን ወደ ጓሮ ያስገባዋል እንጂ ደኅንነት አያመጣም። በየደረጃው የተከናወነው የአውሮፓ ልምድ የሚጠቅመን ስለዚህ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ አገሮች የሌለባቸው አንድ ችግር አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈተነና በ10 ዓመት እንደገና መፈተን ያለበት ሲሊንደር እንውሰድ። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ2025 ያበቃል። በብረቱ ላይ የተቀረጸው ግን «2015» የሚል ቁጥር ብቻ ነው። ይህን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሠራተኛ እስከ 2025 ዓ.ም. ይሠራል ብሎ ቢወስድ፣ ሲሊንደሩ ጊዜው ካለፈ በኋላ 7 ወይም 8 ዓመት ያገለግላል። እዚህ ተፈትኖ በእኛ ዘመን የተቀረጸ ሲሊንደር ወደ ጅቡቲ ቢሻገር ደግሞ፣ ትናንት የተፈተነው ያረጀ ይመስላል። ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለት ትክክለኛ አቆጣጠሮች አንድ ብረት ላይ ስለ ተገናኙ ነው።

የዚህ ጉዳይ ክብደት በችግር ቀን ይታያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አገራችን ሲገባ ኦክስጅን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። እንዲህ ባለ ቀን ሲሊንደር ከየትም ይምጣ ከየት ይፈለጋል፤ ማንም ቆሞ የቀለም ሰንጠረዥ አያገላብጥም። ስለዚህ መግባባቱ በሰላሙ ቀን መሠራት አለበት።

ምን ይደረግ? በ2003 ዓ.ም. የደረጃ፣ የተስማሚነት ምዘና፣ የሥነ ልክና የአክሪዲቴሽን ሥራዎች ለአራት ተቋማት ተከፋፍለዋል፤ መሠረቱ አለ። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም የንግድ ቴክኒካዊ መሰናክሎችን የሚመለከት ስድስተኛ አባሪ አለው። ከጄኔቫው ስምምነት ስም ላይ «የአውሮፓ» የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል፤ ሞሮኮና ቱኒዚያም አባላት ናቸው። ከጅቡቲና ከኬንያ ጋር የፈተና ምልክትን በጋራ ማወቅ ከዚህ ሊጀምር ይችላል። ታላቁን ስምምነት ሳንጠብቅ ግን እዚሁ የምንሠራው አለ፤ የፈተና ዘመን ሲቀረጽ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይመልከት፤ በየመሙያ ጣቢያውና በየሆስፒታሉ መጋዘን ከቀለም በፊት ጽሑፍ ይነበብ፤ ጽሑፍ የሌለው ሲሊንደር አይሞላ፣ ለሕሙምም አይቅረብ።

ለታሪክ ተማሪዎቼም አንድ የቤት ሥራ አለኝ። በኮምቦልቻ ጋራዦችና ፋብሪካዎች የሚገኙትን አሮጌ ሲሊንደሮች ቅርጽ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ፣ መዝግቡ። የአካባቢያችን የኢንዱስትሪ ታሪክ አንድ ምዕራፍ በእነዚያ አንገቶች ላይ ተቀርጿል፤ መዝገቡም ለደኅንነት ባለሙያዎች የመጀመሪያው ሰነድ ይሆናል።

 መድረኩ ለጥያቄና ለውይይት ክፍት ነው።