በሞርፊን ፈንታ ካናቢስ፤ የአንድ አሮጌ ክርክር ታሪክ

ሥር የሰደደ ሕመም ለያዘው ሰው ሞርፊንንና ሞርፊንን የመሰሉትን መድኃኒቶች ከመስጠት ይልቅ ካናቢስ መስጠት ይሻላል የሚለው ሐሳብ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካና በአውሮፓ እጅግ ተስፋፍቷል። የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች ብዙውን ጊዜ ታሪክን ለምስክርነት ይጠራሉ። ካናቢስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የሚያውቁት የሕመም ማስታገሻ ነበር፤ ኋላ ግን ሕግ አውጭዎች ያለ በቂ ምክንያት ከመድኃኒት ቤት አስወጡት፤ ስለዚህ ዛሬ መመለሱ የተቀማውን ስፍራ ማግኘቱ ነው ይላሉ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ግማሽ እውነት አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቀረውን ግማሽ መመርመር ነው። በእኔ አስተያየት ካናቢስን ከሐኪሙ እጅ ያስወጣው በመጀመሪያ ሕግ ሳይሆን የመጠን ችግር ነው፤ ይኸውም ሐኪሙ ለበሽተኛው የሚሰጠው መድኃኒት ምን ያህል ብርታት እንዳለው አስቀድሞ ለማወቅ አለመቻሉ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከካልካታ መጀመር ይገባል። ዊልያም ብሩክ ኦሾኔሲ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም በ1833 በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ተቀጥሮ ወደ ህንድ ሄደ፤ ጥቂት ቈይቶም በአዲሱ የካልካታ ሕክምና ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። የአገሩ ሰዎች ጋንጃ፣ ባንግና ቻራስ እያሉ ስለሚጠሩት የካናቢስ ዝግጅት የህንድን ሐኪሞችና ሊቃውንት ጠየቀ። ነገር ግን የሰማውን አምኖ ብቻ አልተቀመጠም። አስቀድሞ ለውሾች፣ ለፍየል ግልገሎችና ለሌሎች እንስሳት እየሰጠ ተመለከተ፤ ሥጋ በሎቹ ቶሎ ሲሰክሩ ሣር በሎቹ ግን ብዙም እንዳልተነኩ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ በሽተኞች የተሻገረው። በ1839 ባቀረበው ጽሑፍ ቁርጥማት፣ መንጋጋ ቈልፍ፣ ኮሌራና የእብድ ውሻ በሽታ ለያዛቸው ሰዎች የካናቢስን ሙጫ ሰጥቶ ያየውን ዘርዝሯል።

ከነዚህ መካከል አንዱ የቁርጥማት በሽተኛ ለነገራችን እጅግ ይጠቅማል። ይህ ሰው ከቀኑ በስምንት ሰዓት አንድ ግሬን (65 ሚሊግራም ያህል) ሙጫ ተሰጠው። በዐሥር ሰዓት ወሬው በዝቶ ይዘፍን፣ ምግብ ይጨመርልኝ እያለ ይጮኽ፣ ፈጽሞ ድኛለሁም ይል ጀመር። በዐሥራ ሁለት ሰዓት ተኛ። ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ግን ራሱን ስቶ ተገኘ፤ ክንዱን ሲያነሡለት እንደ ሰም በተነሣበት ቦታ ይቀር ነበር። ሐኪሞቹ ደነገጡ። ሆኖም ትንፋሹ ያለ ምንም መዛባት ይመላለስ እንደ ነበር ኦሾኔሲ በጥንቃቄ መዝግቧል። አንድ ግሬን የዋጠ ሰው ራሱን እስከ መሳት መድረሱንና ትንፋሹ ግን አለመቋረጡን አንባቢ ልብ ይበል፤ ሁለቱም ነገሮች ኋላ ይመለሳሉ።

ኦሾኔሲ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ አገር ሲመለስ ካናቢስ ይዞ ሄደ፤ ፒተር ስኳየር የተባለው የለንደን መድኃኒት ቀማሚም ሙጫውን በአልኮል እያወጣ መሸጥ ጀመረ። (ኦሾኔሲ ራሱ ግን ሌላ ሥራ ጠራው፤ በ1850ዎቹ የህንድን የቴሌግራፍ መስመር የዘረጋ እርሱ ነው፤ የሰር ማዕረግም ያገኘው በዚሁ ነው እንጂ በመድኃኒቱ አይደለም።) መድኃኒቱ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። በ1860 የኦሃዮ ሐኪሞች ማኅበር ስለ ካናቢስ የሚመረምር ኮሚቴ አቁሞ ሪፖርት ተቀብሏል።

ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰው ምስክር ግን የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ጆን ራስል ሬይኖልድስ ነው። ንግሥቲቱ ራሷ ካናቢስ ትወስድ ነበር የሚለው ወሬ ማስረጃ የሌለው ስለ ሆነ ብንተወው ይሻላል። ሬይኖልድስ በ1890 በላንሴት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ከ30 ዓመት በላይ መድኃኒቱን እንደ ሰጠ ይናገራል። ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬን እጅግ ያመሰግነዋል፤ ከወገብ ወደ እግር ለሚወርደው የሳያቲካ ሕመም ግን አይረባም ይላል። እንዲህ ለይቶ መናገሩ ዋጋ ያለው ነው፤ የዛሬዎቹ ጠበቆች ምስጋናውን ሲጠቅሱ ነቀፋውን ይዘልሉታልና። ከዚያም አልፎ ጽሑፉ በአብዛኛው ማስጠንቀቂያ ነው። የተክሉ ብርታት እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል፤ የሰዎችም ጠባይ እንዲሁ ይለያያል፤ ስለዚህ ከትንሹ መጠን መጀመር፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሳያልፍ አለመድገም፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንዳንድ ጠብታ ብቻ መጨመር ይገባል ብሎ ይመክራል። ሠላሳ ዓመት የሠራበት ሰው እንኳ እንዲህ ከተጨነቀ፣ አዲስ የተመረቀ የገጠር ሐኪም ምን ያህል እንደሚፈራ መገመት አያስቸግርም።

በዚህ መካከል የኦፒየም ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዷል። ዘርቱርነር የተባለው የጀርመን መድኃኒት ቀማሚ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከኦፒየም ውስጥ ሞርፊንን ለየ፤ ከ1827 ጀምሮም የመርክ ቤት በዳርምሽታት እያመረተ ይሸጠው ጀመር። ሞርፊን ነጭ ዱቄት ነው፤ በሚዛን ይመዘናል፤ ጨዉም በውሃ ይሟሟል። በ1853 የኤዲንብራው አሌክሳንደር ዉድ በመርፌ ከቆዳ በታች መስጠት ሲጀምር በደቂቃዎች ውስጥ ሕመምን የሚያስታግስ፣ መጠኑም የታወቀ መድኃኒት ተገኘ። የካናቢስ ሙጫ ግን በውሃ አይሟሟም፤ ስለዚህ በመርፌ ሊሰጥ አልቻለም። በአፍ ሲሰጥም ለመሥራት ሰዓታት ይፈጃል። በመደርደሪያ ላይ ሲቈይም ብርታቱ ይቀንሳል። በአሜሪካ የፓርክ ዴቪስ ኩባንያ ብርታቱን ለመፈተን ሌላ ዘዴ ስላጣ ለውሾች እየሰጠ መንገዳገዳቸውን ይመለከት ነበር። ሞርፊን በሚዛን ሲለካ ካናቢስ በውሻ መንገዳገድ ይለካ ነበር ማለት ነው። ለእኔ የክርክሩ ፍርድ ያን ጊዜ የተሰጠ ይመስለኛል።

እርግጥ ነው፣ መለካት መቻል ከጉዳት አያድንም። በመርፌ የሚሰጥ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም የሚል እምነት በመጀመሪያ ላይ ነበር፤ በ1870 ክሊፎርድ ኦልበት የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በሽተኞቹ ያለ መርፌው መኖር እንዳቃታቸው አይቶ ሐኪሞችን አስጠነቀቀ። ሱስን በተመለከተ ይህን የመሰለ መታለል ከአንድ ጊዜ በላይ ተደግሟል፤ የመጨረሻውን ከታች እናየዋለን።

በራስ ምታት በኩል ካናቢስን የተካው ሞርፊን ብቻ አልነበረም። በ1899 አስፒሪን ወጣ፤ በ1903 ደግሞ ቬሮናል የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ተከተለ። ርካሽ ኪኒን ያገኘ ሐኪም ጠብታ እየቈጠረ የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ሕጉ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1893 እና 1894 የእንግሊዝ መንግሥት በህንድ ያቋቋመው ኮሚሲዮን 1193 ምስክሮችን ሰምቶ በልክ የሚወሰድ ካናቢስ ይህን ያህል ጉዳት የለውም፤ ከመከልከል ይልቅ ቀረጥ ይጣልበት ሲል ወስኖ ነበር። ነገር ግን በ1924 መጨረሻ በጄኔቭ በተሰበሰበው የኦፒየም ጉባኤ የግብፅ መልእክተኛ ዶክተር መሐመድ ኤል ጊንዲ ሐሺሽ በአገራቸው ያደረሰውን ጉዳት አስረድተው ከቍጥጥሩ ውስጥ እንዲገባ ጠየቁ፤ የ1925ቱም ስምምነት አስገባው። በአሜሪካ በ1937 ከባድ ቀረጥ የሚጥለው ሕግ ሲቀርብ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ወኪል ዶክተር ዊልያም ዉድዋርድ ተቃወሙ፤ አልተሰሙም። በ1942 ካናቢስ ከአሜሪካ የመድኃኒት መዝገብ ተሠረዘ። የ1961ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነት ደግሞ ካናቢስን ከሄሮይን ጋር እጅግ በጠበቀው በአራተኛው ሰንጠረዥ መዘገበው፤ ሞርፊን ግን በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ብቻ ቀረ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሲዮን ካናቢስን ከአራተኛው ሰንጠረዥ ያወጣው በ2020 ነው፤ ያውም 27 ድምፅ በ25 ላይ።

የሕጉን ጥፋት ማቃለል አልፈልግም። ሕጉ ካናቢስን ከበሽተኛው ብቻ ሳይሆን ከመርማሪው እጅም አርቆታል፤ ስለዚህ የመጠኑን ችግር መፍታት የሚችለው ሳይንስ ብዙ ዘገየ። ሞርፊን ከተለየ ከ150 ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በ1964 ነው ራፋኤል መሹላምና የሂኤል ጋኦኒ በእስራኤል አገር በቫይዝማን ኢንስቲትዩት የካናቢስን ዋና አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ቲ ኤች ሲን፣ ለይተው ቅርጹን ያወቁት። መሹላም ለምርምሩ የሚሆነውን አምስት ኪሎ የሊባኖስ ሐሺሽ ከፖሊስ ተቀብሎ በአውቶቡስ ይዞት እንደ ተመለሰ ይናገር ነበር።

ቲ ኤች ሲ በሚሊግራም መለካት ስለ ተቻለ ሁለቱን መድኃኒቶች ጎን ለጎን ማስተያየት ተቻለ። በ1975 በአሜሪካ ኖይስና ባልደረቦቹ የነቀርሳ ሕመም ለነበረባቸው 36 ሰዎች ቲ ኤች ሲን ከኮዴይን ጋር አነጻጽረው ሰጡ። ኮዴይን ከኦፒየም ወገን ደካማው ነው። 20 ሚሊግራም ቲ ኤች ሲ ሕመምን ያስታገሠው 120 ሚሊግራም ኮዴይን የሚያስታግሠውን ያህል ነበር፤ ነገር ግን በሽተኞቹን በእንቅልፍ ጣላቸው፣ አዞራቸው፣ ዓይናቸውንም አደበዘዘው። 10 ሚሊግራም ሲሰጣቸው ይህ ችግር ቀነሰ፤ ማስታገሡም እንዲሁ ቀነሰ። ኦሾኔሲ በአንድ ግሬን ያየው ነገር በቍጥር ተመለሰ ማለት ነው።

የትንፋሹም ነገር ተብራራ። ካናቢስ በአንጎል ውስጥ የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በ1988 ከታወቁ ወዲህ፣ ትንፋሽን በሚያዝዘው የአንጎል ግንድ ክፍል ጥቂት ብቻ መሆናቸው ታየ። የኦፒየም ወገን መድኃኒቶች ግን እዚያው ስለሚሠሩ መጠኑ ሲበዛ ሰውየው መተንፈስ አቁሞ ይሞታል። ካናቢስን በኦፒየም ፈንታ ለሚሹት ሰዎች ከዚህ የጠነከረ ክርክር የላቸውም፤ ክርክሩም እውነተኛ ነው።

በ1996 ሁለት ነገሮች ባንድ ዓመት ሆኑ። ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የተባለውን ብርቱ ኪኒን ለገበያ አወጣ፤ የካሊፎርኒያ ሕዝብም ካናቢስ ለሕክምና እንዲፈቀድ በድምፅ ወሰነ። ኪኒኑ በዝግታ ስለሚሟሟ ሱስ የማስያዝ ኀይሉ አነስተኛ ነው እየተባለ ተሸጠ፤ ኩባንያው በ2007 በአሳሳች አሻሻጥ ጥፋተኝነቱን በፍርድ ቤት አመነ። በአሜሪካ በዚህ ወገን መድኃኒቶች፣ በሕግም በስርቆሽም በተገኙት፣ በ2017 ብቻ 47600 ሰዎች ሞቱ። በካሊፎርኒያው ሕግ ደግሞ ሐኪሙ መጠን ለይቶ የሚያዝዝበት ወረቀት አልነበረም፤ ካናቢስ ይጠቅመዋል ብሎ ይመክራል፤ ምን ያህል እንደሚወስድ በሽተኛውና ሻጩ ያውቃሉ። ሬይኖልድስ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ከ1999 እስከ 2010 ካናቢስን ለሕክምና በፈቀዱት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በኦፒየም ወገን መድኃኒቶች የሚደርሰው ሞት ከሚጠበቀው 24.8 በመቶ ያነሰ ነው አለ። ወሬው በዓለም ተሰማ፤ ሕግ አውጭዎችም ጠቀሱት። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች በዚያው ዘዴ ቍጥሩን እስከ 2017 ቢያራዝሙት ነገሩ ተገለበጠ፤ ሞቱ ወደ 23 በመቶ ገደማ የበለጠ ሆነ። እነርሱም ካናቢስ ገደለ አላሉም፤ የአንድን ክፍለ ግዛት ቍጥር አይቶ ስለ አንድ በሽተኛ መፍረድ ስሕተት ነው ነው ያሉት። በሽተኞቹን ራሳቸውን የተከተለ ጥናት በአውስትራሊያ ተደርጓል። ኦፒዮይድ የታዘዘላቸውን 1514 ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አራት ዓመት የተከታተለው ይህ ጥናት በ2018 ሲወጣ፣ ካናቢስ የሚወስዱት ሕመማቸው እንደ ቀነሰ ወይም ኦፒዮይዱን እንደ ተዉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ካናቢስ ለአንዳንድ ሥር የሰደደ ሕመም፣ ይልቁንም ለነርቭ ሕመም፣ መጠነኛ እርዳታ እንደሚሰጥ የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች በ2017 መስክረዋል፤ ይሁን እንጂ ሕመምን ጥቂት ማስታገሥና ሞርፊንን መተካት አንድ አይደሉም።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሞርፊን ከመጠን በላይ ስለ ተረፈባቸው አገሮች ነው። በእኛ አገርና በብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ጥያቄው ሌላ መልክ አለው፤ ይተካ የሚባለው መድኃኒት መጀመሪያውኑ ከበሽተኛው አልደረሰምና። የላንሴት ኮሚሲዮን በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው በሞርፊን ልክ ከተሰላው 298.5 ቶን ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ሁሉ በአንድነት የሚያገኙት 0.1 ቶን ብቻ ነው። ነቀርሳ ወደ አጥንቱ የገባበት የገጠር በሽተኛ ካናቢስ ወይስ ሞርፊን የሚል ምርጫ የለውም። የሞርፊን ዱቄት ግን በውሃ ተበጥብጦ በአፍ የሚጠጣ፣ ዋጋው የረከሰ መድኃኒት ነው፤ መጠኑም ከታወቀ ሁለት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው።