ስንዴ የሌለበት ማዕድ በጣና ዳር፤ የእህል፣ የወፍጮና የመቀላቀል ታሪክ

በባሕር ዳር ከተማ ምግብ ቤቶች ውስጥ በዛሬው ዘመን አንድ አዲስ ጥያቄ ይሰማል፤ ይኸውም «ግሉተን የሌለበት ምግብ ይገኛልን?» የሚል ነው። ጠያቂው አንዳንድ ጊዜ ከውጭ አገር የመጣ እንግዳ፣ አንዳንድ ጊዜም ሐኪም ከስንዴ እንዲርቅ ያዘዘው የአገር ልጅ ነው። መልሱም እንደ ልማድ አጭር ነው፤ «እንጀራችን ጤፍ ነው» ይባላል። ይህ መልስ በታሪክ ሲመረመር እውነትነቱ እኩሌታ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እውነት የሆነው እኩሌታ ከጥንት የመጣ ነው፤ የጎደለው እኩሌታ ግን አብዛኛው በቅርብ ዘመን የገባ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሉተን የሚለው ቃል በላቲን ቋንቋ ሙጫ ማለት ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የአውሮጳ እህል ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ዓይነት ሲሆን፣ የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚሳበው፣ ዳቦውም ከተነፋ በኋላ የማይወርደው በእርሱ ምክንያት ነው። ሴሊያክ የሚባል ሕመም ያለበት ሰው ይህን ፕሮቲን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ የትንሹን አንጀት ሽፋን ይጎዳዋል። ከዚህም የተነሣ ሕፃን እንደ ሆነ ዕድገቱ ይገታል፤ ትልቅ ሰው እንደ ሆነ ይከሳል፣ ደሙም ያንሳል። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊሌም ካሬል ዲኬ የሕመሙ መነሻ ስንዴ መሆኑን መርምሮ፣ በ1950 ዓ. ም. በዩትሬክት ለዶክትርና ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ አስረዳ። እስከ ዛሬም ድረስ የታወቀው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከነዚህ እህሎች መራቅ ነው። ጥቂት ዱቄት እንኳ ስለሚጎዳ፣ ለሕመምተኛው ነገሩ የምርጫ ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

የባሕሩ ዳር እህሎች

የጣና ዙሪያ አገር በእህል የታደለ ነው። በሰሜን ደምቢያ፣ በምሥራቅ ፎገራ፣ በደቡብና በምዕራብ ሜጫና አቸፈር ይገኛሉ። በእነዚህ ወረዳዎች የዕለት እንጀራ የሚሆኑት ዋና ዋናዎቹ እህሎች ከጥንት ጀምሮ ጤፍና ዳጉሳ ናቸው፤ ማሽላም ይጨመርባቸዋል። በቆሎ ደግሞ ከአሜሪካ የመነጨ ስለ ሆነ ኋላ የመጣ ነው። ከአራቱም በአንዱ ውስጥ እንኳ የስንዴው ግሉተን የለም። ስለዚህ የባሕሩ ዳር ገበሬ ስሙን ሳይሰማ፣ ሕመሙንም ሳያውቅ፣ በዕለት ማዕዱ ግሉተን የሌለበትን እህል ሲበላ ኖሯል ማለት ነው።

በእህሎቹ መካከል ግን የክብር ልዩነት ነበረ። ማኛ የሚባለው ነጭ ጤፍ የባለጸጋና የእንግዳ እንጀራ ሲሆን፣ ቀዩ ጤፍ ከእርሱ ዝቅ ይል ነበር፤ ዳጉሳ ደግሞ የድኻ ምግብና የጠላ፣ የአረቄም እህል ተብሎ ይቈጠር ነበር። የዛሬ ሐኪምና የምግብ ሊቅ ይህን መሰላል አይቀበሉትም። ዳጉሳ በካልሲየም ብዛት ከእህሎች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስለ ሆነ፣ ከስንዴ ለተከለከለ ሰው የተናቀው እንጀራ ከተከበረው የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ላይ አንድ የእጅ ጥበብ ሊታሰብ ይገባል። ግሉተን የሌለው ሊጥ አየር አይይዝም፤ ስለዚህ በአውሮጳ ያሉ ጋጋሪዎች ልዩ ልዩ ሙጫ እየጨመሩ ያያይዙታል። የኢትዮጵያ ሴቶች ግን ይህን ችግር አስቀድመው በአብሲት ፈትተውታል። አብሲት ማለት ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በውሃ ከተቀቀለ በኋላ ተመልሶ ከቡኾው ጋር የሚዋሐድ ነው። ሲቀቀል የሚጠነክረው ስታርች የእርሾውን አየር ይይዛል፤ እንጀራውም ዓይን ያወጣል፣ ሲጠቀለልም አይሰበርም። በስንዴ ዳቦ ግሉተን የሚሠራውን ሥራ በእንጀራ ላይ በከፊል የሚሠራው ይህ የቤት ብልሃት ነው።

የስንዴ ስፍራ

ስንዴ በአገሩ አልነበረም ማለት አይደለም። በደጋው፣ በተለይም በጉና ተራራ ዙሪያ፣ ገብስና ስንዴ ይዘራሉ። በባሕሩ ዳር ግን ስንዴ በይበልጥ የበዓል እህል ነበረ፤ ድፎ ዳቦው ለዓውደ ዓመትና ለዝክር ይደፋል። ከሁሉ የላቀው ስፍራው ግን በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቍርባን የሚሆነው መገበሪያ ከስንዴ በቀር ከሌላ እህል አይዘጋጅም። መገበሪያው ተለቅሞና ጠርቶ በቤተ ልሔም ለብቻው ይዘጋጃል፤ ለዚህ አገልግሎት የተለየው ዕቃም ለሌላ ሥራ አይውልም። ከዚህ እንደሚታየው፣ አንድን እህል ከሌላው ለይቶ መፍጨትና ዕቃውን መለየት ለአገሩ እንግዳ አሳብ አይደለም። ምክንያቱ በዚያ የቅድስና ነው፤ በሕመምተኛው ዘንድ ደግሞ የጤና ይሆናል፤ ሥርዓቱ ግን ተመሳሳይ ነው።

የዘጌ ልሳነ ምድር ኑሮ ደግሞ ሌላ ምሳሌ ይሰጣል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በተቀበሉት ቃል ኪዳን ምክንያት በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለ ነው። ሕዝቡ ከጫካው ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ፣ ሎሚም እያለማ፣ እህሉን በንግድ ያገኝ ነበር። ከደንገል የተሠራው ታንኳ የዘጌን ምርት ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይዞ ሄዶ እህል ይዞ ይመለሳል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን በ1936 ዓ. ም. ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ስለነዚህ ታንኳዎችና ስለ ደሴቶቹ ገዳማት በሰፊው ጽፏል። እንግዲህ የማያርስ ሰው ስለሚበላው እህል ማወቅ የሚችለው ሻጩን በማመን ነው። የዛሬው የከተማ ሰው ሁሉ በዚህ ረገድ እንደ ጥንቱ የዘጌ ሰው ሆኗል።

ወፍጮና ባለወፍጮ

ጤፉ እንጀራ ከመሆኑ በፊት በወፍጮ ማለፍ አለበት። በጣና ዳር ወፍጮውንና መጁን ከድንጋይ ጠርበው ለገበያ ያቀርቡ ከነበሩት መካከል የታወቁት ወይጦዎች ናቸው። ወይጦዎች ጥንት ጉማሬ በማደን፣ ታንኳ በመሥራትና ዓሣ በማጥመድ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ምክንያት ይንቋቸው፣ ከእነርሱም ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ነገር ግን የናቃቸው ባላገር እንኳ ዱቄቱን የሚያገኘው እነርሱ በጠረቡት ድንጋይ ላይ ነበር። ማዕዱን የለየው ሰው ወፍጮውን ሊለይ አልቻለም።

በቤት ወፍጮ ዘመን ፈጪዋ የምትፈጨውን እህል በእጇ ለቅማ፣ በሰፌድ አበጥራ፣ በድንጋዩም ላይ አስቀድሞ ምን እንደ ተፈጨ ታውቅ ነበር። በእርግጥ ያው ወፍጮ አንድ ቀን ገብስ፣ ሌላ ቀን ጤፍ ይፈጭበታል፤ ስለዚህ የጥንቱ ቤት ፍጹም ንጹሕ ነበር ማለት አይቻልም። ልዩነቱ ግን ዕውቀቱ በአንዲት ሴት እጅ መሆኑ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ ሴቶች ከከባድ ድካም ዐረፉ፤ ይህም ታላቅ በረከት ነው። ዳሩ ግን የብዙ ቤት እህል ተራ በተራ በአንድ ወፍጮ ስለሚያልፍ፣ ከስንዴ በኋላ የገባ ጤፍ የስንዴውን ትራፊ ይዞ ይወጣል። ጤፉ ያልበደለውን በደል በዚህ ስፍራ ይቀበላል።

ስንዴ ወደ ከተማ መግባቱ

በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው መንደር ወደ ከተማነት ማደግ የጀመረው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ዓ. ም. ነው። ፉርኖ የሚለው የዳቦ ስም፣ ፓስታና መኮሮኒም ከኢጣልያኖች ቋንቋና ማዕድ የተወረሱ ናቸው። ከነጻነት በኋላ በ1960ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲቋቋሙ፣ ሠራተኛውና ተማሪው ፈጥኖ የሚገኝ ምግብ ፈለገ፤ ዳቦም የቁርስ ልማድ ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የረሃብ ዘመናት ደግሞ በእርዳታ የመጣው ስንዴ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ስንዴን ወደ ድኻው ቤት አስገባው። በቅርቡም በበጋ መስኖ ስንዴ የማምረት ዘመቻ ከተስፋፋ ወዲህ፣ በመራዊ አጠገብ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ በተሠራው በቆጋ መስኖ እርሻ ጭምር ስንዴ ይዘራል። የደጋውና የበዓሉ እህል ስለዚህ የቆላማው ሜዳና የዘወትር እህል እየሆነ ነው።

ሩዝም በዚሁ ዘመን መጣ። በፎገራ ረግረጋማ ሜዳ ከ1970ዎቹ ወዲህ የተለመደው ሩዝ ዛሬ የወረዳው ዋና ሰብል ሲሆን፣ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። የጤፍ ዋጋ ሲወደድ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል፤ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ቢቀላቀሉ የሚጎዱት የገዢውን ኪስ ወይም እምነት እንጂ የሴሊያክ ሕመምተኛውን አንጀት አይደለም። ስንዴና ገብስ ሲቀላቀሉ ግን ጉዳቱ በሰውነት ላይ ይወድቃል። እንጀራው ግን በመልኩ ሁሉንም አይናገርም። ከአገር በወጡ ኢትዮጵያውያን ዘንድም ጤፍ ባልተገኘበት ስፍራ እንጀራ ከስንዴና ከገብስ ዱቄት ሲጋገር ስለ ኖረ፣ እንጀራ የሚለው ስም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሌላም የመግቢያ በር አለ። እርሾው ቀድሞ ከተቀላቀለ ቡኾ የተረፈ እንደ ሆነ ያንኑ ወደ አዲሱ ሊጥ ያሸጋግራል። ጠላ በገብስ ወይም በስንዴ ብቅል ስለሚጠመቅ ለሕመምተኛው አይሆንም፤ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን ይሆናል። የጣና ቆሮሶና አምባዛ በወጥ ሲቀርቡ ደኅና ናቸው፤ በስንዴ ዱቄት ተለውሰው ሲጠበሱ ወይም ዳቦ ነክ ነገር በተጠበሰበት ዘይት ሲጠበሱ ግን አይደሉም። በሶ፣ ቂንጬ፣ የገብስ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በግልጽ የተከለከሉ ናቸው። ሽሮም ከጥራጥሬ ብቻ ቢሆን ይበላል፤ የተፈጨበት ወፍጮ ግን መጠየቅ አለበት። ከቡና ጋር የሚቀርበው የበቆሎ ፈንድሻ ከቆሎው ይልቅ የተሻለ ነው።

የውጭው ዓለምና የጤፍ ባለቤትነት

የአውሮጳ ሊቃውንት ጤፍን ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። በ1770 ዓ. ም. ወደ ግሽ ምንጭ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የጤፍን ዘር ወደ አውሮጳ ወሰደ፤ ኢጣልያዊው አቲልዮ ዙካኒም በ1775 ዓ. ም. ለተክሉ የሳይንስ ስም ሰጠው። በ2005 ዓ. ም. በሆላንድ የላይደን ተመራማሪዎች አሥራ አራት የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፣ የሴሊያክ ሕመምተኞችን ሰውነት የሚያስቈጣው ነገር በጤፍ ውስጥ እንዳልተገኘ አስታወቁ።

ይህ የምሥራች ከክርክር ጋር መጣ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄትና ከእርሱ ስለሚሠሩ ምግቦች የፈጠራ መብት ጠይቆ በ2007 ዓ. ም. ከአውሮጳ የፓተንት መሥሪያ ቤት ተሰጠው። ከኢትዮጵያ ጋር በ2005 ዓ. ም. የጥቅም መጋራት ውል ተፈራርሞ ሳለ በ2009 ዓ. ም. ከሠረ፤ ውሉም የታሰበውን ጥቅም ለኢትዮጵያ ሳያስገኝ ቀረ። የሄግ ፍርድ ቤት ግን በ2018 ዓ. ም. በሆላንድ የነበረው መብት የፈጠራ ደረጃ የለውም ብሎ ሻረው። ጤፍን መፍጨት፣ ማቡካትና መጋገር ባሕሩ ዳር ለሚኖር ሰው የዕለት ሥራ ስለ ሆነ፣ ፍርዱ ለአገሬው አዲስ ነገር አልነገረውም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከስንዴ የተከለከለ ሰው በጣና ዳር ከብዙ የዓለም አገሮች ይልቅ በቀላሉ ተደስቶ ሊመገብ ይችላል፤ የሚበላውም ለእርሱ ተለይቶ የተፈለሰፈ ሳይሆን ጎረቤቱ ሁሉ የሚበላው ነው፤ ስለዚህ ከማዕድ አይለይም። በአንድ መሶብ ዙሪያ መብላት ታላቅ የማኅበር ምልክት በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ደኅንነቱ ያለው በጤፉ ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን እህሉ ከአውድማ እስከ ምጣድ በሚያልፍበት እጅ ሁሉ ነው። የጥንቷ ፈጪ የነበራት ዕውቀት በገበያ፣ በወፍጮ ቤትና በምግብ ቤት መካከል ተበትኗል። ለጤፍና ለዳጉሳ ብቻ የተለየ ወፍጮ፣ የማይቀላቀል እርሾ፣ ስለ ቅልቅሉም እውነተኛ ቃል ቢኖር ዕውቀቱ ይሰበሰባል፤ መለየትንም ቤተ ልሔሙ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያስተምር ኖሯል። እስከዚያው ድረስ እንግዳው «ጤፍ ነውን?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ከምን ጋር ተፈጨ?» ብሎ ቢጠይቅ ይገባዋል።