በስልክ የሸጥኳቸው ስሞች

ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተሬ አሁንም አለ። በግራ የዶሜይኑ ስም፣ በመሃል የደወልኩለት ነጋዴ ስልክ ቁጥር፣ በቀኝ የሰጠኝ መልስ ተጽፎበታል። አብዛኛው መልስ «አይፈልግም» ነው። ከ2004 እስከ 2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ፣ ቀን በሰሜን ቨርጂኒያ ላሉ ጣሪያ ሠሪዎች፣ የቧንቧ ባለሙያዎችና የጥርስ ሐኪሞች የድረ ገጽ ስም በስልክ እሸጥ ነበር። የአገሬ ልጆች «ምንድን ነው ይሄ ሥራህ?» ሲሉኝ «ድለላ ነው» እላቸው ነበር፤ ነገሩ ግን ድለላ አይደለም። ደላላ የሚያሻሽጠው የሌላ ሰው ንብረት ነው። እኔ ስምንት ዶላር ገደማ ከፍዬ ስሙን በራሴ አስመዘግብና፣ ይጠቅመዋል ላልኩት ነጋዴ በቀጥታ እሸጥለት ነበር፤ በሁለት መቶ፣ በሦስት መቶ ዶላር። ሁለት ሺህ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ንግዱ ያደገው ከታክሲ ተራችን አጠገብ ነው። ከደለስ አየር ማረፊያ ጥቂት ደቂቃ ነድተው የሚደርሱባት ሄርንደን የኔትወርክ ሶሉሽንስ መቀመጫ ነበረች፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዶት ኮም የሚያልቅ ስም የፈለገ ሁሉ፣ ከየትም አገር ይሁን፣ የሚያስመዘግበው በዚህ ኩባንያ በኩል ነበር። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም፣ የሲምቦሊክስ ኩባንያ፣ የተመዘገበው ማርች 15 ቀን 1985 ነው። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ምዝገባው በነጻ ነበር፤ በሴፕቴምበር 1995 ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ተጀመረ።

ስሙ ለዘላለም አይገዛም። እንደ ቀበሌ ቤት ነው፤ ኪራዩን እስከከፈልክ ውጣ የሚልህ የለም። ልዩነቱ ይዞታውን ለሌላ ማስተላለፍና በዚያም ማትረፍ መፈቀዱ ነው። ይህን እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባም። የአሜሪካ ፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን በ1997 ደዋዩ የማይከፍልባቸውን፣ በ800 የሚጀምሩትን የስልክ ቁጥሮች ለትርፍ መሸጥንና ማከማቸትን ከልክሏል። ስምን ግን የከለከለ አልነበረም። እኔና ብዙዎች እንጀራችንን ያገኘነው በዚያ ክፍተት ነው።

ግን የሚሸጠው የማን ስም ነው? በ1994 ጋዜጠኛው ጆሹዋ ኲትነር ማክዶናልድስ የሚለውን ስም ማንም ሳይከለክለው አስመዘገበ። ለኩባንያው የለቀቀለት፣ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለኮምፒውተር መሣሪያ የሚሆን ገንዘብ እንዲለግስ ካደረገ በኋላ ነው። ለእኔ ኲትነር ባለውለታ ነው፤ በሩ ክፍት መሆኑን ለራሱ ሳንቲም ሳይወስድ አሳየ። ተከትለውት የገቡት እንደ እሱ አልነበሩም። ዴኒስ ቶፐን የተባለ የኢሊኖይ ሰው በ1995 የፊልም ካሜራ ሠሪውን የፓናቪዥንን ስም ያዘ፤ ገጹ ላይ ፓና የምትባል ከተማ ፎቶዎች ለጥፎ፣ ስሙን ለመልቀቅ 13,000 ዶላር ጠየቀ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1998 ፈረደበት፤ ደግሞም ትክክል ፈረደ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ የወርልድ ሬስሊንግ ፌዴሬሽንን ስም አስመዝግቦ፣ በሦስተኛው ቀን ለራሱ ለድርጅቱ በ1,000 ዶላር ልሽጥላችሁ ብሎ ጻፈ። ያኔ አዲስ በወጣው የዶሜይን ክርክር ደንብ መሠረት የመጀመሪያው ውሳኔ፣ በጃንዋሪ 2000፣ የተሰጠው በእሱ ላይ ነው፦ ስሙን አስረክብ።

ያንን ውሳኔ ያነበብኩት ሥራውን ከጀመርኩ በኋላ ነው። ቀድሜ ባነበው ኖሮ!

በ1999 ሌሎች መዝጋቢዎች እንዲወዳደሩ ተፈቅዶ ዋጋው ወርዶ ነበር፤ እንደ እኔ ያለ ሰው የገባው በዚያ በር ነው። በ1997 በ150,000 ዶላር የተገዛው ቢዝነስ ዶት ኮምም በዚያው በ1999 በ7.5 ሚሊዮን ተሸጠ። ታክሲ ተራው ላይ የሚወራው ሚሊዮኑ ነበር። እኔን የሳበኝ ግን ሳይታደሱ የሚቀሩት ስሞች ነበሩ። ባለቤቱ ባያድስም ስሙ ወዲያው አይለቀቅም፤ መጀመሪያ የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ቀጥሎ ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን፣ በመጨረሻ አምስት ቀን። ከዚያ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ለቀደመ ይሆናል።

አንድ የማርች ቀን የምንጣፍ አጣቢ ድርጅት ስም ሲለቀቅ ቀድሜ ያዝኩት። በሳምንቱ ደወልኩ። ያነሱት አዛውንት ሴት ናቸው፣ ድርጅቱ የእሳቸው። «ስምዎ እጄ ላይ ነው፤ በ400 ዶላር ልሰጥዎት» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው፣ ሒሳቡን ይዘው የነበሩት ባላቸው በመጸው እንደሞቱ፣ የእድሳቱ ማሳሰቢያ የሚመጣው በሟቹ ኢሜይል እንደነበር፣ ስሙም በሁለቱ መኪናዎቻቸው ጎን ላይ እንደተጻፈ ነገሩኝ። የቤተሰባቸው ስም ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ታክሲዬን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ያደረግኩት ካሊፎርኒያዊው ካደረገው የባሰ ነው፤ እሱ የጠየቀው ትልቅ ድርጅት፣ እኔ የጠየቅኩት ሐዘንተኛ። በማግስቱ ስሙን በነጻ አስተላለፍኩላቸው። እሳቸው ግን የስምንት ዶላር ቼክ በፖስታ ላኩልኝ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት የከተማና የሙያ ስም አብረው የቆሙባቸውን ብቻ ነው፤ ፌርፋክስና ጣሪያ፣ ማናሳስና ቧንቧ። ማንም ለብቻው የእኔ ነው ሊላቸው አይችልም። ገዥ ስፈልግ የማየው ኢንተርኔት ላይ ለማስታወቂያ የሚከፍለውን፣ ወይም ስሙ ረዝሞ በሰረዝ የተቆራረጠበትን ነበር። ጣሪያ ሠሪ ጋ የሚደወለው በጠዋት፣ መሰላል ሳይወጣ ነው። ዋጋውን በመጀመሪያው ደቂቃ እናገር ነበር፤ ዋጋ የሚደብቅ ሻጭ ይጠረጠራልና። ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይይዝና ስሙ ሲተላለፍ ይለቅልኝ ነበር። ብዙዎች በኢሜይል ይሸጡ ነበር፤ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የንግድ ኢሜይል የሚልክ ሰው ትክክለኛ አድራሻውንና «አትላክልኝ» የሚባልበትን መንገድ እንዲያሳይ ያስገድዳል። እኔ ድምፅ መስማት እመርጥ ነበር። ሰውየው አጠገብ መዶሻ ሲመታ እየሰማሁ ስለ ጣሪያ ማውራት ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዳንዱ ስም ሳይገዛ ስለ ሥራው ግማሽ ሰዓት አጫውቶኛል።

በሴፕቴምበር 2012 ጉግል አሠራሩን ቀየረ፤ ደካማ ድረ ገጽ ስሙ ከተፈለገው ቃል ጋር ስለገጠመ ብቻ ከላይ መውጣቱ ቀረ። ለገዥ የምነግረው አንዱ ጥቅም ሳሳ፤ እሱንም መናገር ተውኩ። ሥራውን ያቆመው ግን ሜይ 2018 ነው። አዲሱ የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ሥራ ላይ ሲውል፣ ሁኢዝ በሚባለው መዝገብ ለማንም ክፍት የነበረው የስም ያዦች ስልክና አድራሻ ተሸፈነ። ተመሳሳዩን ስም በዶት ኔት የያዘውን ነጋዴ፣ ማለትም ከሁሉ የተሻለውን ገዥ፣ የማገኘው እዚያ ነበር። ሰዎች መረጃቸው መጠበቁ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የደብተሬ ጽሑፍ በዚያው ወር ያበቃል።

ምንጣፍ አጣቢዋ ጋ ግን በየዓመቱ በማርች እደውል ነበር፦ «አድሰዋል?» ባለፈው ጊዜ ያነሳው ልጃቸው ነው። ለ10 ዓመት እንደከፈለ ነገረኝ። ከዚያ በላይ ባንድ ጊዜ ማስመዝገብ አይፈቀድም።