የትምህርት ዘርፍ ምርጫ ታሪክ፦ ከጉባኤ ቤት እስከ አብርሃ ጅራ

በኢትዮጵያ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይይዛል። የያዘው ዘርፍ በ12ኛ ክፍል የሚፈተነውን፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የሚመደብበትን የትምህርት ክፍልና ውሎ አድሮ የሚተዳደርበትን ሥራ ይወስናል። ትምህርትን ከወደፊት ሙያ ጋር አያይዞ መምረጥ ግን ከዘመናዊው ት/ቤት በፊትም የነበረ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሙያ የሚለየው በጉባኤ ቤት ነው። ፊደልና ዳዊት የጨረሰ ልጅ ቅዳሴ ተምሮ ወደ ድቁናና ቅስና ይሄዳል፤ መሪጌታ ለመሆን ያሰበ ዜማ ቤት ይገባል። ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፣ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ጎንደር፣ ለቅኔ እንደ ዋሸራ ያሉ የጎጃም ጉባኤዎች ይፈለጋሉ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይጓዛል፤ ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ቆይቶ ያስመሰክራል። ዘርፉን የሚመርጠው ራሱ ነው፤ ሲመርጥም የት እንደሚያደርሰው ያውቃል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲጀመር ምርጫው ወደ መንግሥት እጅ ገባ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ት/ቤት ከግብፅ በመጡ የቅብጥ መምህራን እየታገዘ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ያስተምር ነበር። ቋንቋ የቀደመው መንግሥት ከውጭ አገር ጋር የሚጻጻፍለትና የሚያስተረጉምለት ሰው ስለሚያስፈልገው ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ት/ቤትም በዚሁ መንገድ ለአስተዳደር የሚሆኑ ወጣቶችን አፈራ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ የተማረ ሰው አጥታ ስለነበር ት/ቤቶች በየሙያው ተለይተው ተቋቋሙ። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ት/ቤት፣ በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ት/ቤትና በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት፣ በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የአምቦ የእርሻ ት/ቤት ሥራ ጀመሩ። መካኒክ፣ ሒሳብ ያዥ ወይም የእርሻ ባለሙያ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት የሚገባበት በር ተለይቶ ታወቀ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተውም በአካባቢው ችግር የተነሣ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ስለነበር፣ ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ጀመር። ትምህርት ከሚሰጥበት አካባቢ ችግር ሲነሣ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህ ኮሌጅ አሳይቷል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኮምፕሬንሲቭ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ተስፋፉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከቀለም ትምህርቱ ጎን የንግድ ሥራ፣ የእርሻ፣ የእጅ ሥራና የቤት ባልትና ክፍሎች ተከፈቱ። ታይፕና የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረ ልጅ 12ኛን ሲጨርስ ዩኒቨርሲቲ ባይገባ እንኳ ቢሮ ሊቀጠር ይችል ነበር። ያም ሆኖ የሁሉም ዓይን ያረፈው ማትሪክ በሚባለው የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ነው። ፈተናው እንግሊዝኛና ሒሳብን የግድ ስለሚጠይቅ፣ ለዩኒቨርሲቲ የማይቆጠረው የሙያ ትምህርት በወላጅም በተማሪም ዘንድ ዝቅ ተደርጎ ታየ። በደርግ ዘመን ትምህርትን ከምርት ጋር ለማያያዝ የፖሊቴክኒክ ትምህርት በሙከራ ደረጃ ቢጀመርም አገር አቀፍ ለመሆን አልበቃም።

አሁን የሚታወቀው አከፋፈል የመጣው በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጋር ነው። በፖሊሲው መሠረት ተማሪው 10ኛ ክፍል ላይ ይፈተን ነበር፤ ያለፈው ሁለት ዓመት መሰናዶ ይማር፣ ያላለፈው 10+1፣ 10+2 ወይም 10+3 ወደሚባለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ይሄድ ነበር። ይህ አሠራር በሙያ ትምህርት ላይ ከባድ ጉዳት አድርሷል። ቀድሞ ተግባረ ዕድ ፈልገው የሚገቡበት ቤት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ሙያ የወደቀ ልጅ ማረፊያ ተደርጎ ተቆጠረ።

በመሰናዶ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ቴክኒካል ድሮዊንግ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ጄኔራል ቢዝነስ ይማር ነበር። ለዓመታት ከ700 በታረመው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ውስጥ ግን ቴክኒካል ድሮዊንግና ጄኔራል ቢዝነስ አልገቡም። ከሥራ ጋር ይበልጥ የሚቀራረቡት ሁለቱ ትምህርቶች ፈተና ስለሌላቸው ተማሪውም መምህሩም ቸል አሏቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የ70/30 ምጣኔ ሲታወጅ ደግሞ ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወሰነ፤ ተማሪው በፍላጎቱ ሳይሆን በኮታ የሚደለደልበት ጊዜ መጣ።

ይህ ሁሉ ለውጥ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የገጠመው ኑሮ የተለየ ነው። የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ አብርሃ ጅራ፣ አብደራፊና መተማ የሚተዳደሩት በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ነው። ሰሊጥ በመስከረምና በጥቅምት ይደርሳል። ፍሬው ሲደርቅ ሽፋኑ ተከፍቶ ስለሚረግፍ ቀን አይሰጥም፤ ታጭዶ ወዲያው ሒላ በሚባል ክምር ይቆማል። ሳሉግ የሚባለው ከደጋ ለአጨዳ የሚወርድ የቀን ሠራተኛ የሚበዛውም፣ ት/ቤት የሚከፈተውም በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ የባለ ማሳ ልጅ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ከክፍልና ከአጨዳ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል።

አካባቢው የሚጠይቃቸው ሙያዎችም ግልጽ ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሑመራንና የጎንደርን ሰሊጥ በአንድ ዓይነት ሥር መድቦ ያገበያያል። መጋዘን የደረሰው ሰሊጥ ናሙና ተወስዶለት በንጽሕናው፣ በቀለሙና በእርጥበቱ ደረጃ ይወጣለታል፤ ዋጋውም ከደረጃው ጋር ይወርዳል ይወጣል። ለዚህ ሥራ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ይጠቅማሉ። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በተሰነጣጠቀው መረሬ አፈርና በግራሩ ሥር ትራባለች፤ ግራር ሥር የሚያድረው ሳሉግም ለበሽታው ይጋለጣል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ባለሙያና ነርስ ያስፈልጋሉ። ትራክተር የሚጠግን መካኒክ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ፣ ዐረብኛ የሚችል የጉምሩክ ሠራተኛም እንዲሁ። ትራክተር በሚያርስበት አገር እርሻ ለረጅም ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሳይሆን መቆየቱ የሥርዓቱ ትልቅ ጉድለት ነበር።

ያለፉት ዓመታት ለውጥ ይህን ጉድለት ለመሙላት ይሞክራል። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት መልሰው ስለጀመሩ የመጨረሻው የሙያ ምርጫ በአንድ ዓመት ዘግይቷል። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብርና ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ ተመልሷል። ሆኖም በዚያው ዓመት መግቢያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የቀጠለው ግጭት ብዙ ት/ቤቶችን በመዝጋቱም ለበርካታ ልጆች ጥያቄው የትኛውን ዘርፍ ልያዝ ከማለት አልፎ መቼ ልማር የሚል ሆኗል።

ከጉባኤ ቤት እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። ተማሪው የመረጠው ትምህርት ምን ሥራ ላይ እንደሚያደርሰው ሲያውቅ ይበረታል፤ ፈተናና ኮታ ሲመርጡለት ግን ሙያ ይናቃል፣ አካባቢውም ባለሙያ ያጣል። በአብርሃ ጅራና በመተማ ያሉ ወላጆች፣ መምህራንና የትምህርት ጽ/ቤቶች ልጆች 11ኛ ክፍል ሳይደርሱ እያንዳንዱ ትምህርት የሚያደርስበትን ሥራ ሊያሳዩአቸው ይገባል። ግብርና በመጽሐፍ ብቻ እንዳይቀር የሠርቶ ማሳያ ማሳ ይፈልጋል፤ መሬቱም ልምዱም በቆላው ሞልቷል።