ሸክላ ያተረፋቸው የአሜሪካ ሲምፎኒዎች



ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞት የተለዩን አንድ አባት በወጣትነታቸው አሜሪካ ተምረው ሲመለሱ አንድ ካርቶን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ ይዘው መጥተው ነበር። ከሠልስታቸው በኋላ ቤተሰቡ ዕቃ ሲያስተካክል ካርቶኑ ከአልጋ ሥር ወጣ። «ይኸን ደግሞ ማን ይሰማዋል? ለቆራሌው ይሰጥ» ተባለ። ድንኳን ልንነቅል የሄድነው ሰዎች ነን «ቆይ እስቲ» ብለን ያስቀረነው። ከዚያ ወዲህ ከወር ስብሰባችን በኋላ፣ ማጫወቻ ያለው ጎረቤታችን ቤት እየተሰበሰብን ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ሰማናቸው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የተገኘ ነው።

በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት በአብዛኛው ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ አሜሪካኖች የደረሷቸው ሲምፎኒዎችና የሲምፎኒ ወገን የሆኑ ሥራዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሲምፎኒ ማለት ለትልቅ ኦርኬስትራ የተደረሰ ረዥም ሙዚቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኝ የለውም፣ ግጥምም የለውም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልጣመንም። ከመካከላችን አንዱ «ይሄ ሙዚቃ ነው ወይስ ጫጫታ?» ብሎ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። እየቆየን ስንሄድ ግን ከሙዚቃው ጋር አንድ ሌላ ነገር ገባን። ይኸውም ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ እኛ ዘንድ ሊደርሱ የቻሉት አንድ ሰው በጊዜው በሸክላ እንዲቀዱ ስላደረገ ብቻ መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፍ የጻፈ ሰው ቢሞት መጽሐፉን ማንም ከመደርደሪያ አንሥቶ ያነበዋል። ሲምፎኒ የደረሰ ሰው ግን በወረቀት ላይ የተወው ኖታ ዲዳ ነው። እንዲናገር ሰማንያ ያህል ሙዚቀኛ፣ አዳራሽ፣ የልምምድ ቀንና ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ሥራ አንድ ምሽት ተጨብጭቦለት በማግሥቱ ሣጥን ውስጥ ቢገባ የሚያስታውሰው አይኖርም። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ለሲምፎኒ መጽሐፉ ሸክላው ነው።

በ1930ዎቹ አሜሪካኖች ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ነበሯቸው፤ የሚጫወቱት ግን በአብዛኛው የአውሮፓን ሙዚቃ ነበር። ይህን ልማድ ከለወጡት አንዱ፣ የሚገርመው፣ ራሳቸው ከሩሲያ የመጡት ሰርጌ ኩሴቪትስኪ ናቸው። ከ1924 እስከ 1949 የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ሲመሩ ለአሜሪካ ተወላጅ ደራሲዎች በሩን ከፈቱላቸው። ከነዚህም መካከል ሮይ ሃሪስ ይገኙበታል። ሃሪስ በ1898 ኦክላሆማ ውስጥ የተወለዱ የገበሬ ልጅ ሲሆኑ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና እስከ መንዳት ደርሰዋል። ሦስተኛ ሲምፎኒያቸውን ኩሴቪትስኪ በፌብሩዋሪ 1939 አስደመጡላቸው፤ በዚያው ዓመት ቪክተር የተባለው ኩባንያ በሸክላ ቀዳው። የሟቹ ልጅ ያንን የ1939 ቅጂ በስልኩ ፈልጎ አሰምቶናል። ሲጀምር ቼሎዎች ብቻቸውን፣ ያለ ከበሮና ያለ መለከት፣ አንድ ረዥም ዜማ ይዘው ይነሣሉ። ዜማው መንገድ የጀመረ ሰው ይመስላል፤ አረፈ ሲሉት ይቀጥላል። ቀስ በቀስ ሌሎቹ መሣሪያዎች ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ከበሮው አንድ ዓይነት ምት እየደጋገመ እንደ ቀብር ሰልፍ ይዘጋል። ሙዚቃው ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ ሳያቋርጥ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል።

ታዲያ ያን ጊዜ የነበረው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር። በአንድ ትንፋሽ የተደረሰውን ሥራ ቆራርጠው መቅዳት ነበረባቸው። አድማጩም በየአራት ደቂቃው እየተነሣ ሸክላ ይገለብጣል። ይህ ችግር የተቃለለው ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በጁን 1948 በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ የሚዞረውንና በአንድ ገጽ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ የሚይዘውን ረዥም ሸክላ ባወጣ ጊዜ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ያገኘናቸው ሁሉ የዚህ ዓይነት ናቸው።

ከሁሉም ቀድሞ ልባችንን የነካው ግን የሳሙኤል ባርበር «አዳጆ» ነው። አዳጆ ማለት ዝግ ያለ አካሄድ ማለት ነው። ባርበር በ1936 ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ከደረሱት ሥራ አንዱን ክፍል ወስደው ለብዙ መሣሪያዎች አሰፉት። አርቱሮ ቶስካኒኒ በኖቬምበር 1938 ኒውዮርክ ላይ ለሬዲዮ አድማጭ አሰሙት፤ ባርበር ያን ጊዜ ገና የ28 ዓመት ሰው ነበሩ። በ1942 ደግሞ በሸክላ ተቀዳ። ፕሬዚደንት ሩዝቬልት በኤፕሪል 1945 ሲሞቱ በሬዲዮ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካኖች የሐዘን ሙዚቃ ሆኖ ቀርቷል። ዜማው ደረጃ በደረጃ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከላይ ደርሶ እንደ ጩኸት ይሆናል፤ ከዚያ ድንገት ጸጥ ይላል። ከጸጥታው በኋላ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን አካሄድ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ለዚህም ነው ያ «ጫጫታ» ያለው ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ ያዳመጠው።

ከዚህ በኋላ ክፉ ጊዜ መጣ። የአሜሪካ ሙዚቀኞች የሠራተኛ ማኅበር፣ በመሪው በጀምስ ፔትሪሎ አማካይነት፣ አባሎቹ ከኦገስት 1 ቀን 1942 ጀምሮ ለሸክላ ኩባንያዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ። ምክንያቱም አላግባብ አልነበረም፤ ሬዲዮ ጣቢያዎች በሸክላ እየተጠቀሙ ሙዚቀኛውን ከእንጀራው እያፈናቀሉት ነበር። ማኅበሩ የጠየቀው ከሚሸጠው ሸክላ ላይ ገንዘብ ለማኅበሩ ካዝና ገቢ እንዲሆን ነው፤ ጥያቄውም በመጨረሻ ተሳካለት። ቪክተርና ኮሎምቢያ ግን የተስማሙት በኖቬምበር 1944 በመሆኑ ከሁለት ዓመት በላይ የኦርኬስትራ ቀረጻ ቆሞ ነበር። በዚያ መካከል የተደረሱ ሥራዎች አንድ ምሽት ተሰምተው ዝም አሉ።

ከነዚህ አንዱ የሃዋርድ ሀንሰን አራተኛ ሲምፎኒ ነው። ይህ ሥራ ለእኛ ለዕድርተኞች በተለይ ቅርብ ነው፤ ሀንሰን የደረሱት ለሞቱት አባታቸው መታሰቢያ ነውና። አራቱን ክፍሎች የሰየሟቸው በላቲኑ የፍትሐት ጸሎት ቃላት ነው፤ ትርጉማቸውም «አቤቱ»፣ «ይረፍ»፣ «የቁጣ ቀን» እና «የዘለዓለም ብርሃን» እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስም «ኪርዬ» ሲሆን ይህም እኛ «ኪርያላይሶን» እያልን የምናውቀው ቃል ነው። ሥራው በዲሴምበር 1943 ቦስተን ላይ ተሰማ፤ በ1944 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። ሀንሰን ሽልማቱን ይዘው አልተቀመጡም። ሮቼስተር ከተማ የሚገኘውን የኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከ1924 እስከ 1964 ድረስ ሲመሩ የራሳቸውንም የሌሎችንም አሜሪካውያን ሥራ በተከታታይ ለመርኩሪ ኩባንያ አስቀዱ። የዚያ ኩባንያ ባለሙያዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኦርኬስትራውን በሙሉ የሚቀዱት ከፊቱ በሰቀሉት በአንድ ማይክሮፎን ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ሸክላው ላይ አዳራሹ ራሱ የሚሰማው፤ መለከቱ ከኋላ፣ ቫዮሊኑ ከፊት፣ ልክ ወንበር ይዘን የተቀመጥን ያህል።

ኢስትማን ለአገራችንም ባዳ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1962 የተመረቁት ከዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ ያን ጊዜ ሀንሰን ገና በዲሬክተርነት ላይ ነበሩ።

ወደ ኩሴቪትስኪ እንመለስ። በ1942 ባለቤታቸው ናታሊ ሲያርፉ በስማቸው አንድ ፋውንዴሽን አቋቋሙ፤ ሥራውም ለደራሲዎች ገንዘብ እየከፈለ አዲስ ሙዚቃ ማስደረስ ነው። ይህ ነው እንግዲህ ተዝካር ማለት! ከዚያ ገንዘብ ከተገኙት አንዱ የአሮን ኮፕላንድ ሦስተኛ ሲምፎኒ ነው። አርባ ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ትልቅ ሥራ ሲሆን በኦክቶበር 1946 ቦስተን ላይ ተሰማ፤ መታሰቢያነቱም ለናታሊ ነው። ኮፕላንድ በ1942 በጦርነቱ መካከል «ለተራው ሰው» ብለው የደረሱትን አጭር የመለከት ሙዚቃ በመጨረሻው ክፍል ውስጥ አስገቡት። መጀመሪያ በዋሽንት ዝግ ብሎ ይሰማል፤ አድማጩ ጆሮውን ሲያቀና መለከቱና ከበሮው ይፈነዳል። ንጉሥ ወይም ጄኔራል ሲገባ የሚነፋው መለከት ለተራ ሰው ተነፋ ማለት ነው። ይህን ሥራ አንታል ዶራቲ በ1953 ከሚኒያፖሊስ ኦርኬስትራ ጋር፣ ሌናርድ በርንስታይን ደግሞ በ1966ና በ1985 ከኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ቀድተውታል።

የገንዘብ ነገር ከተነሣ የሉዊስቪል ከተማን ሳንጠቅስ አናልፍም። የከተማው ኦርኬስትራ ገንዘብ ቸግሮት ሳለ ከንቲባው ቻርልስ ፋርንስሊ ለታዋቂ እንግዳ ሙዚቀኞች የሚወጣው ገንዘብ ለደራሲዎች ተከፍሎ አዲስ ሥራ ይደረስ የሚል ሐሳብ አመጡ። በ1953 የሮክፌለር ፋውንዴሽን 400,000 ዶላር ሰጣቸው። አዳዲሶቹን ሥራዎች እያስደረሱ በራሳቸው ስም በሚወጣ ሸክላ ቀዷቸው። ትልቅ ያልሆነ ከተማ፣ አንድ በጎ ሐሳብና የታወቀ ሒሳብ ያዥነት ምን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

አሁን ደግሞ ያልተቀዳውን እንይ። ፍሎረንስ ፕራይስ በ1887 አርካንሳስ ውስጥ ሊትል ሮክ ከተማ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። የመጀመሪያ ሲምፎኒያቸውን የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በጁን 1933 አስደምጦላቸዋል። ነገር ግን በሸክላ የቀዳው ኩባንያ አልነበረም። በ1943 ለኩሴቪትስኪ ደብዳቤ ጽፈው፣ ሴትነታቸውንና ጥቁርነታቸውን ሳይደብቁ፣ ሥራቸው እንዲታይላቸው ለመኑ። በሩን ለብዙዎች የከፈቱት ኩሴቪትስኪ ለእሳቸው አልከፈቱም። ፕራይስ በ1953 አረፉ፤ ስማቸውም አብሮ የተቀበረ መሰለ። በ2009 ግን ባልና ሚስት ኢሊኖይ ውስጥ ሴንት አን በተባለች ከተማ አንድ ፈራርሶ የቆየ ቤት ሊያድሱ ሲገቡ የወረቀት ክምር አገኙ። የፕራይስ የእጅ ጽሑፍ ነበር! በ1945 የተደረሰው አራተኛ ሲምፎኒያቸው ከውስጡ ወጣ። በ2018 በትውልድ ክፍለ ሀገራቸው የሚገኘው የፎርት ስሚዝ ኦርኬስትራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው፤ በ2019 ቅጂው ለገበያ ዋለ። ሙዚቃው ከተደረሰ ሰባ ዓመት አልፎ፣ ደራሲዋ ከሞቱ ስልሳ ዓመት አልፎ መሆኑ ነው። የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ደግሞ አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዎቻቸውን ቀድቶ በ2022 የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ጣሪያው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢወድቅ ወይም ወረቀቱ ለማገዶ ቢውል ኖሮ አራተኛውን ዛሬ የሚያውቀው አይኖርም ነበር።

ሸክላ መቀዳት ብቻውን ደካማ ሥራን ጥሩ አያደርገውም፤ ይህን እናውቃለን። ከካርቶኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰምተን ሦስተኛ ያላነሣናቸውም አሉ። ነገር ግን ያልተሰማን ነገር ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ሸክላ የሚሰጠው ይህን የመፈረድ ዕድል ነው።

መስማት ለሚፈልግ አባል የምንመክረው ይህን ነው፦ በባርበር ይጀምር፤ አጭር ነው፣ ልብም ይይዛል። ቀጥሎ የሃሪስን ይስማ፤ የቼሎዎቹን ዜማ እስኪለምድ ሦስት ጊዜ ይታገሥ። የኮፕላንድን ለመጨረሻ ያቆየው፤ ከቻለም የዶራቲንና የበርንስታይንን አስተያይቶ ይስማ፤ አንድ ጸሎት ሁለት ካህናት ሲያደርሱት የሚለየውን ያህል ይለያልና። ጨዋታና ስልክ ግን ይቁም።

ሌላው አደራችን ለሁላችንም ነው። በየቤታችን ከአልጋ ሥርና ከቁም ሣጥን ላይ የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ድምፅ ያለበት ካሴት፣ ሸክላና ቴፕ አለ። ቆራሌው በደጅ ሲጮኽ ከመስጠታችን በፊት አንድ ጊዜ እንክፈተው። ምን እንዳለበት ሳናውቅ አንቅበረው።

የሟቹ ካርቶን በቤተሰባቸው ፈቃድ ከዕድሩ ዕቃ ቤት፣ ከሳህኑና ከድንኳኑ ጎን፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መዋስ የሚፈልግ አባል ዕቃ ግምጃ ቤቱን ያነጋግር። ሸክላው ሲያዝ ግን ጠርዝ ጠርዙን ይሁን፤ ጣት ያረፈበት ይንጫጫል።

ነፍሳቸውን ይማር።